በክፍት በር ደጃፍ የሞተው ሰው

ጣሰው በብርድ እንደሞተ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። ዓሣ አጥማጆች ወንዝ ውስጥ ለመቆም የሚለብሱትን፣ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ እንደለበሰ ነው። ሱሪው ውስጥ የገባው ውሃ በረዶ ሆኗል። ሹራቡ እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ብሏል። በግንድ በተሠራችው ጎጆ ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ በጎኑ ተኝቷል።

መርማሪ ሠርካዲስን ግራ ያጋባት ሞቱ ሳይሆን በሩ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ የብረት ምድጃ አለ። ከምድጃው ጎን የተፈለጠ ደረቅ እንጨት እስከ ወገብ ድረስ ተደርድሯል። መደርደሪያው ላይ ክብሪት፣ አልጋው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አለ። ጣሰው እጁን ቢዘረጋ መድረኩን ይነካው ነበር። ሰው እሳትና ብርድ ልብስ አጠገቡ እያለ እንዴት ደጅ ተኝቶ ይሞታል?

የአውራጃው ምክትል ሸሪፍ ዌድ ለዚህ መልስ ነበረው። ብርድ ሲጠና ሰው አእምሮውን ይስታል፣ ልብሱን የሚያወልቅም፣ መንገድ የሚጠፋበትም አለ፣ ይህም ሰው በሩን ሳያየው ቀርቶ ይሆናል አላት። ሠርካዲስ ተንበርክካ የሟቹን እጆች አየች። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል፣ አብጠዋልም። ጥፍሮቹ ሥር ቀይ ቀለም ገብቷል። በሩ ቀይ ነው። ሬሳውን ለመውሰድ የመጡት ሰዎች ሹራቡን ሲያላቅቁት ደግሞ ቀኝ ትከሻው ጠቁሮ ተገኘ።

ጣሰው በሩን አይቶታል። አይቶት ብቻ ሳይሆን ደብድቦታል፤ በትከሻውም ገፍቶታል። ክፍት በር ማን ይደበድባል?

ሠርካዲስ አውሮራ ውስጥ የፖሊስ መርማሪ ናት። ይህ ተራራ የእሷ ክልል አይደለም፤ ከዴንቨር በስተምዕራብ በመኪና ብዙ ተኪዶ፣ ከዚያም በጥድ ደን ውስጥ ባለ ቀጭን የእግር መንገድ የሚወጣበት ቦታ ነው። ዌድ እሑድ ጠዋት ደውሎ ያስጠራት በሟቹ ስልክ ውስጥ ያሉት መልእክቶች አማርኛ ስለሆኑ፣ ቤተሰቡና ወዳጆቹም አውሮራ ስለሚኖሩ ነው። እሷም ለዳገት በማይሆን ጫማ ወጥታ፣ እያለከለከች፣ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ፊት ቆመች።

የጎጆዋን በር መላልሳ ከፈተችው፣ ዘጋችው። ከውጭ መቆለፊያ የለውም። ከውስጥ ግን ለነፋስና ለድብ የሚሆን ወፍራም የእንጨት መቀርቀሪያ አለው። መስኮቷ ድመት እንጂ ሰው አታስገባም። ዌድ መቀርቀሪያውን ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ። እንግዲያው ውስጥ ሰው ነበር አለ። በሩን ቀርቅሮ፣ ይህ ሰው ሲደበድብ ዝም ብሎ ያዳመጠ ሰው።

ሠርካዲስ ምድጃውን ነካችው። አመዱ አሮጌ ነው። እንዲህ ባለ የውርጭ ሌሊት እሳት ሳያነድ እዚህ ያደረ ሰው ማን ይሆን? ደረጃውንም፣ በሩንም፣ ደጃፉንም በስልኳ ፎቶ አነሳች። ምን እንደምትፈልግ ሳታውቅ ብዙ አነሳች።

ሬሳውን ያገኘው የጣሰው የቅርብ ጓደኛ አለምሰገድ ነበር። የእግር መንገዱ ከሚጀምርበት ቦታ መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ከፍቶ ተቀምጦ ጠበቃት። ሃምሳ ዓመት የሆነው፣ መሀል ዴንቨር አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የሚያስተዳድር፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ሰው ነው። ዓይኑ ደም መስሏል። ሠርካዲስን ገና ሲያያት እንደ እህት አቀፋትና አለቀሰ።

ካረጋጋችው በኋላ ነገሩን በዝርዝር ነገራት። ጣሰው ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ወጥቷል። እሱ ደግሞ እሑድ ማለዳ ሊቀላቀለውና አብረው ዓሣ ሊያጠምዱ መጣ። ደረጃው ላይ ሲያገኘው ሮጦ ሄዶ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጠፈ። ልቡ አይመታም። ስልክ የሚሠራው ታች ስለሆነ እየሮጠ ወርዶ ደወለ።

“በሩስ?” አለችው።

“ክፍት ነበር። የዚያች ጎጆ በር እኮ ሁልጊዜ ክፍት ነው።”

ይህንንም አስረዳት። ጎጆዋን የሠራው ታውኖ የሚባል ፊንላንዳዊ ሽማግሌ ነው። ጣሰው በሽተኞችን ወደ ሕክምና የሚያመላልስ ሾፌር ነበርና፣ ታውኖን በመጨረሻ ዓመታቱ ኩላሊቱን ወደሚታጠብበት ቦታ ይወስደው ነበር። በመኪና ውስጥ የተጀመረው ወሬ ወደ ወዳጅነት ተለወጠ። ሽማግሌው ስለ አገሩ ደን፣ ስለ ወንዞቹ፣ በየዱሩ ለአላፊ አግዳሚ ክፍት ሆነው ስለሚቆሙ ጎጆዎች አጫወተው። በኋላም ተራራ ላይ ወስዶ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ አስተማረው። ሲሞት ጎጆዋን እንዲጠብቅ አደራ የሰጠው ለጣሰው ነው። ጣሰው ደግሞ ወዳጆቹን አለምሰገድንና ጋሽ ዓንዶምን ጨመረ። ሦስቱ እየተፈራረቁ ይጠግኗታል፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ያጠምዳሉ።

“ጠላት ነበረው?” ብላ ጠየቀችው።

“ጣሰው? የያዘውን ዓሣ እንኳ ስሞ ነው መልሶ የሚለቀው” አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

የጣሰው ሚስት እንቁ የምትኖረው ሃቫና ስትሪት አጠገብ ካሉት አፓርትመንቶች በአንዱ ነው። ሠርካዲስ ስትደርስ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። እንቁ ደረቅ ዓይኗን ግድግዳ ላይ ተክላ ተቀምጣለች። ባሏ ወንዝ አድሮ መምጣት ልማዱ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ ሳይመጣ ሲቀር አልደነገጠችም። ደግሞም ብቻውን አልመሰላትም፤ ጋሽ ዓንዶም አብሬህ እሄዳለሁ ብለውት እንደነበር በጆሮዋ ሰምታለች።

ሠርካዲስ ደነገጠች። አለምሰገድ ብቻውን ነበር የሄደው ብሏታል።

ዓንዶም ስልሳ አምስት ያለፋቸው፣ ልጅነታቸውን አስመራ በአማርኛ ተምረው ያሳለፉ፣ ዴንቨር ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ሓርነት ነበረች። አሜሪካ የተወለደች በመሆኗ ቃላቱን እየቀላቀለች፣ “ዳዲ ሳተርዴይ ፊሺንግ ሄዶ ነበር፤ ሰንደይ ነው የመጣው” አለች። አባቷ ከኋላዋ ቆመው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

“አልሄድኩም” አሉ። “አሞኝ ቀረሁ። ወዳጄ ቤት ነበርኩ።”

“የትኛው ወዳጅዎ?”

የአንድ ሰው ስም ሰጧት። ሰውየው ሲደወልለት ዓንዶምን ካያቸው ወር እንደሆነው ተናገረ። የመኪናቸው ጎማ በጭቃ ተለውሷል። የማጥመጃ ዘንጋቸውም የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል። ዌድ ይህን ሲሰማ ጉዳዩ አለቀ አለ፤ ሁለቱ ሰዎች ወንዙ ዳር ተጣሉ፣ ሽማግሌው ገፍቶት ውሃ ውስጥ ወደቀ፣ ከዚያ ጎጆው ውስጥ ገብቶ ቀረቀረበት። ሠርካዲስ የሚታያት ሌላ ነው። ዓንዶም መኪናቸውን ሊያሳዩዋት ከደረጃ ሲወርዱ ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። ይህ ሰው ያን ዳገት ወጥቶ፣ በዚያ ብርድ፣ ያለ እሳት አድሮ ይመለሳል?

በማግስቱ ብቻቸውን ጠርታ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

“ጋሼ፣ የሸሪፉ ሰው እርስዎን ሊያስር ነው። የት እንደነበሩ ካልነገሩኝ ላስቆመው አልችልም።”

ዓንዶም የመኪናውን መስኮት ዘጉ። ከዚያ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱና ደረታቸው ላይ የተለጠፈውን የሆስፒታል ፕላስተር አሳዩዋት። ቅዳሜ ወደ ወንዙ ሊሄዱ ተነስተው ገና መንገድ ላይ ልባቸው አስጨንቋቸው ተመለሱ። በቀጥታ ሆስፒታል ገብተው እዚያው አደሩ። እናቷን በልብ በሽታ የቀበረች ልጃቸው እንዳትሰማ ብለው ዋሹ።

“ጣሰውን ብቻውን የላክሁት እኔ ነኝ” አሉ። “አብሬው ብሆን ኖሮ ከውሃው እጎትተው ነበር።”

ሆስፒታሉ ቃላቸውን አረጋገጠ። ዌድ የያዘው ገመድ ተበጠሰ፤ ሠርካዲስም ከነበረችበት የባሰ ግራ ገባት። የአስከሬን ሐኪሙ ያለው እንደሚከተለው ነው። ጣሰው መጠጥ አልቀመሰም። ማንም አልመታውም። ወንዝ ውስጥ ወድቋል፤ ጉልበቱ ላይ የድንጋይ ጭረት አለ። ከዚያ ወደ ጎጆዋ ሄዷል፤ መኪናው ሩቅ ነውና የተሻለው ውሳኔ ይህ ነበር። በሩን ደብድቧል። ሕይወቱ ያለፈችው ቅዳሜ ሌሊት፣ ሳይነጋ በፊት ነው። ጎጆዋ ውስጥ ግን የሌላ ሰው ዱካ፣ አንዲት እርጥብ ነገር እንኳ አልተገኘችም።

ማንም ባልነበረበት ቤት በሩን የዘጋው ማን ነው?

መልስ ባጣች ጊዜ ወደ ጎጆዋ ባለቤት ሄደች። የታውኖ ሚስት ሂልካ የሚኖሩት ሎውሪ፣ ድሮ የአየር ኃይል ሰፈር በነበረው አካባቢ ነው። ጀርባቸው ጎብጧል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ስለ ጣሰው ሞት ሰምተው ኖሮ የሐዘን ጥቁር ለብሰዋል። እሑድ እሑድ እየመጣ ደጃፋቸውን በረዶ የሚጠርግላቸው እሱ ነበር።

ሠርካዲስ በሩ እንዴት እንደተገኘ ነገረቻቸው። አሮጊቷ አቋረጧት። በአገራቸው ዱር ውስጥ ያለ እንዲህ ያለ ጎጆ አይቆለፍም አሉ። የሚያድርበት ሰው ሲሄድ ለሚቀጥለው እንጨት ፈልጦ ይተዋል። ሰው በውርጭ ተይዞ እዚያ በር ላይ ሲደርስ በሩ እንደሚከፈት አምኖ ነው የደረሰው፤ ያን እምነት ይዞ ከወንዝ ይወጣል፣ ሌላ መጠጊያ አይፈልግም። ባላቸው ለዚህ ብለው ነው ከውጭ መቆለፊያ ሳያደርጉበት የሠሩት።

“ለዚያ ለሌላኛውም ይህንኑ ነው የነገርኩት” አሉ ቀጥለው።

“ለየትኛው?”

ለአለምሰገድ። በመስከረም የማይታወቁ ወጣቶች ጎጆዋ ገብተው አግዳሚ ወንበሩን አንድደው፣ የቢራ ጣሳ በትነው፣ የምድጃውን ጭስ ማውጫ በጥይት በስተው ሄዱ። አለምሰገድ ተናዶ ጓጉንቸር እናድርግበት አለ። ጣሰው አይሆንም አለ። ሁለቱ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ድምፃቸው ከፍ እስኪል ተከራከሩ። ሂልካ ለጣሰው ፈረዱ።

ሠርካዲስ ውጭ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠችና እሑድ ያነሳችውን ፎቶ አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረች። የበሩን ፎቶ አሰፋችው። በሩም መቃኑም ላይ፣ ደረት ትይዩ፣ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። ቦታው ላይ ስታያቸው የእንጨቱ ቋጠሮ መስለዋት ነበር። አሁን ስታተኩርባቸው ቀዳዳዎች ናቸው፤ በጥድ ሙጫና በአፈር ተደፍነዋል። የደረጃውን ፎቶ ደግሞ አሰፋች። ከመድረኩ ሥር፣ ውርጩ ላይ፣ ጥቂት ነጭ ሰጋቱራ ተበትኗል። ውርጩ የወረደው ሌሊት ነው። ሰጋቱራው ከላይ ነው።

ጠዋት አንድ ሰው ከዚያ በር ላይ ብሎን ነቅሏል።

ጠዋት እዚያ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው። የዚያን ዕለት አብራው የተቀመጠችበት መኪና ትዝ አላት። ዓሣ ላጠምድ መጣሁ ያለው ሰው መኪና ውስጥ የማጥመጃ ዘንግ አልነበረም፤ የቅዳሴ ነጠላው ብቻ ነበር ታጥፎ የተቀመጠው።

ለእንቁ ደወለች። ጣሰው ወንዝ እንደሄደ ለማን ተናግራ እንደሆነ ጠየቀቻት። ለአለምሰገድ ብቻ አለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለ ሌላ ጉዳይ ደውሎላት ጣሰውን ፈለገው፤ ተራው ሳይደርስ ዛሬ ሄደ፣ ዓሣው ሽቅብ የሚወጣበት ጊዜ ነው ብሎ አላስቀምጥ አለኝ አለችው።

“ምን አለሽ?”

“ምንም። ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።”

በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ሲቀልጥ ሠርካዲስ፣ ዌድና አለምሰገድ ወደ ጎጆዋ ወጡ። እንዴት እንዳገኘው ቦታው ላይ እንዲያሳያቸው ነበር የጠየቀችው። እሱም እሺ ብሎ መጣ። ዳገቱን ሲወጡ ያለማቋረጥ ሲያወራ ነበር፤ ወንዙ የሚታይበት ጋ ሲደርሱ ግን ወደ ኋላ ቀረ።

ደረጃው ፊት አቆመችው።

“ጋሽ አለምሰገድ፣ እዚህ ሆነህ አየኸው። ከዚያስ?”

“ሮጥኩ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግኩ።”

“ፊቱ ወዴት ዞሮ ነበር?”

ወደ ወንዙ አመለከተ። “ወደዚያ።”

“ወደ በሩ ነበር” አለችው ቀስ ብላ። “ግንባሩ ከመድረኩ አጠገብ ነበር። ጆሮህን ደረቱ ላይ አድርገህ ቢሆን ታየው ነበር።”

ያመለከተበትን እጁን አወረደ። እሷም ወደ በሩ ሄዳ አንዱን ቀዳዳ በጥፍሯ ፈነቀለች። ሙጫው ተላቆ ወደቀ። ከሥሩ የብሎን ጥርስ የቆፈረው ንጹሕ ነጭ እንጨት ታየ። አለምሰገድ ያን ጊዜ መሬት ላይ፣ ከደረጃው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

“ረቡዕ ነው የቆለፍኩት” አለ። “ልነግረው ነበር። በእሱ ተራ ሳምንት ነው የሚመጣው፣ እስከዚያ እነግረዋለሁ አልኩ። እንደሚቆጣ ስለማውቅ ቀኑን ገፋሁት።”

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ቅዳሜ ከእንቁ ሲሰማ ደነገጠ፤ ግን ምን ይሆናል፣ ተቆልፎ ሲያገኘው ሰድቦኝ ይመለሳል ብሎ ራሱን አጽናና። ስልኩ ላይ ደወለለት፣ አልሠራም። ሌሊቱን ብርዱ ሲጠና እንቅልፍ አልወሰደውም። ለቅዳሴ ለብሶ ከቤት ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ተራራው ነዳ።

“አየሁት” አለ። “ከዚያ ጓጉንቸሩን አየሁ። ሰው መጥቶ ጓጉንቸሩን ያያል አልኩ። ጓጉንቸሩን ከፍቼ የተንጠለጠለበትን ብረት በሰንጢ ነቀልኩት። ብሎኑ እንቢ አለኝ፣ ብዙ ታገልኩ። ሁሉንም ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት። በሩን ከፈትኩት። ከዚያ ነው የወረድኩት።”

“ጣሰውንስ?”

“በላዩ ተሻግሬ ነው የሠራሁት። አልነካሁትም። አላየሁትም። ማየት አልቻልኩም።”

ወንዙ ከታች ይጮኻል። አለምሰገድ ቀና ብሎ አያት።

“አንድ ነገር ንገሪኝ” አለ። “ያን ጊዜ በሕይወት ነበር?”

ሠርካዲስ ይህን ጥያቄ ጠብቃዋለች። መልሱንም ታውቃለች። ባትነግረው ትችል ነበር፤ ለትንሽ ጊዜም አሰበችበት።

“አልነበረም” አለችው። “ሳትደርስ ብዙ ቀደም ብሎ ነው ያረፈው። ሐኪሙ እርግጠኛ ነው።”

የምታየው ፊት ሸክሙ የወረደለት ሰው ፊት አልነበረም።

“እኔ ግን ያን ጊዜ አላወቅኩም ነበር” አለ። “ሊተነፍስ ይችላል እያልኩ ነበር ብሎኑን የፈታሁት።”

ዌድ “ምን አለ?” ብሎ ጠየቃት። ቃል በቃል ተረጎመችለት። ምክትል ሸሪፉ ካቴናውን አወጣና፣ እንደያዘው ቆሞ ወደ ጥዶቹ ተመለከተ።

ሠርካዲስ ነገሩን ለእንቁ ለመንገር ሌላ ሰው መላክ አልፈለገችም። ከሰዓት በኋላ ሄዳ፣ ለቀስተኛው ወጣ ሲል ጠብቃ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። በር መቆለፍ ሰው መግደል ይባል አይባል ገና እንዳልታወቀ፣ ማስረጃ በማጥፋት ግን እንደታሰረ አስረዳቻት።

እንቁ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ አዳመጠች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድንኳኑን ያስተከለው፣ ወንበሩን ያመጣው፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ለቀስተኛውን የተቀበለው አለምሰገድ ነበር።

“እንግዶቹን እጅ ሲያስታጥብ የነበረው እሱ ነው?” አለች፤ የምታውቀውን ነገር ከሌላ አፍ መስማት እንደፈለገች ሁሉ።

“እሱ ነው።”

እንቁ ከዚያ ተነስታ ወደ መግቢያው ሄደችና፣ አለምሰገድ ትናንት ለቀስተኛውን ለማስተናገድ ሲጣደፍ አውልቆ የሰቀለውን ወፍራም ካፖርት ከመስቀያው አወረደች። አቧራውን በእጇ አራገፈችው። አጣጥፋ ሠርካዲስ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

“ይህን ስጪው” አለች። “ይቅር ያልኩት እንዳይመስለው። ሰው በረደው ሲሉኝ ግን ከእንግዲህ መስማት አልችልም።”